ራውተር ሳማርጥ የከረምኩበት ክረምት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ዛሬም ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እጄ ወደ ግድግዳው ሶኬት ይሄድና መሀል ላይ ይቆማል። ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ ይለኛል። የምጽፈው ስለ ራውተር ነው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ስለ ራውተር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን በዚያ ወር ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ ራውተር የእኔን ያህል ሱቅ የዞረና ሻጭ ያሰለቸ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልጄ ሰናይት አካውንቲንግ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ማስታወቂያ ለማንበብ ያልቆመችበት ሰሌዳ፣ ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። በሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዕቃ ሻጭ ድርጅት እቤቷ ሆና በኢንተርኔት እንድትሠራለት ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበላት። ሥራው የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍና በድምፅ መመለስ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መስመር ላይ መገኘት አለባት። በወሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከመስመር ከጠፋች ሙከራው እዚያው ላይ ያበቃል። ይህንንም በጽሑፍ ነው የሰጧት። እኔም ወስጄ አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ሌላም ትእዛዝ ነበር። ከጀርባዋ የቤት ድምፅ መሰማት የለበትም። ስለዚህ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤታችን የታመመ ሰው የተኛበት ይመስል ነበር። ሬዲዮ አይከፈትም፣ ሙቀጫ አይነካም፣ ዶሮዎቹ ወደ ጓሮ ይባረራሉ። ባለቤቴ እንኳ ሳል ሲመጣበት ግቢ ወጥቶ ነው የሚያስለው። እኔም የሰናይትን በር ማንኳኳት ወይም ከውጭ መጣራት ፈጽሞ ትቼ ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ኢንተርኔቱ የገባው ሳሎን ነው። መስመሩን ያስገቡት ሠራተኞች ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ነጭ ሣጥን ሰቅለዋል። የውጩ መስመር እሷ ውስጥ ይገባል፣ ከእሷ ደግሞ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ራውተሩ ቡፌው ላይ ተቀምጦ ዋይፋዩን ይሰጣል፣ ሰናይትም ክፍሏ ሆና ትቀበላለች። እኔ የማውቀው ራውተሩን ነው። ነጯን ሣጥን የግድግዳው አካል አድርጌ ረስቻት ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ራውተሩም የሚሰኩት በአንድ ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ነው። ዲቫይደሩ ላይ ስንት ሽቦ እንደተሰካ ግን ቆጥሬ አላውቅም። ቆጥሬው ቢሆን ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

እኔ ደግሞ መብረቅ እፈራለሁ። ያደግኩት ጉና ተራራ ሥር ነው። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ሁለት በሬዎች እርሻ ላይ እንዳሉ በአንድ ብልጭታ ሲወድቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ከተማ ከገባሁ በኋላም የአጠገባችን ቤት ቴሌቪዥን በመብረቅ ተቃጥሎ፣ ሽቦው ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ትቶ ነበር። ስለዚህ ሰማዩ ካጉረመረመ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ሶኬት እነቅላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ማንንም አልጠይቅም፣ ማንም አይጠይቀኝም።

ሙከራው በጀመረ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አጉረመረመ። ነቀልኩ። ወዲያው ሰናይት ከክፍሏ ወጣች። ኢንተርኔቱ ጠፍቶባት ነው። ራውተሩ ጨልሞ፣ የዲቫይደሩ ሶኬት በእጄ እንዳለ አገኘችኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ስታለቅስ ግን አላየኋትም። መልሳ ሰካችውና እስኪነሣ ቆማ ጠበቀች። ማታ የድርጅቱ መልእክት መጣላት፤ አንድ ጊዜ ጠፍተሻል የሚል።

በማግሥቱ ተነጋገርን። እሷ እንዳልነቅል ለመነችኝ። እኔ ደግሞ መብረቅ እየመጣ ሳልነቅል መቀመጥ እንደማልችል ነገርኳት። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። በመጨረሻ መብራት ባይኖርም በራሱ ባትሪ የሚሠራ ራውተር እንዳለ ሰምታ ስለነበር፣ እሱ ይገዛና እኔም እንደ ልቤ እንድነቅል፣ እሷም ሥራዋ እንዳይቋረጥ ተስማማን። እሷ ጊዜ ስላልነበራት ገበያውን የማጣራው እኔ ሆንኩ። ትምህርት ቢያንሰኝም ዕቃ ሳልመረምር አልገዛም።

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ መስታወቱ ላይ ሦስት ራውተር ደረደረልኝ። አንዱ ሁለት አንቴና፣ አንዱ አራት፣ ሦስተኛው ስድስት አለው። ባለ ስድስቱ በጀርባው ተገልብጦ እግሩን ያነሣ ጥንዚዛ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ፊልም ማየት እንደሚችል ነገረኝ። እቤታችን ፊልም የሚያይ የለም አልኩት። ባለ ስድስቱ ሦስት ፎቅ ድረስ ይደርሳል አለኝ። ፎቅ የለንም አልኩት።

«ለወደፊቱስ ማን ያውቃል እትዬ» አለኝ።

መልሼ የባትሪውን ነገር ብጠይቀው፣ ያለ መብራትማ ማን ይሠራል ብሎ ሣቀ። አመስግኜው ወጣሁ፣ ምስጋናዬ ግን ከልብ አልነበረም።

ሁለተኛዋ ሻጭ ሴት ነበረች፣ ቢያንስ አዳመጠችኝ። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ እንደሚሰጥ፣ አንደኛው ዝግ ያለ ሆኖ ሩቅ እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ፈጣን ሆኖ ግድግዳ እንደሚያሸንፈው አስረዳችኝ። ይህኛው ገባኝ። የእኛ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ወፍራም ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አዎ፣ ደብተር ይዤ ነበር። ከዚያ ባትሪ አለው ወይ አልኳት። የለውም። ግማሽ ሰዓት አስረድታኝ መጨረሻው የለውም ሆነ።

ሦስተኛው የሐጂ ኑርዬ ሱቅ ነው። ሐጂ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሬዲዮ ከሚሸጡበት ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ባትሪ ያላቸው ሁለት ራውተሮች አወጡልኝ። አንዱ ትንሽ፣ ባለ ሁለት አንቴና። ሌላው ትልቅ፣ ባለ አራት አንቴና። የትኛው ይሻላል ብላቸው፣ ሳያፍሩ እንደማያውቁ ነገሩኝ።

«ሁለቱንም ውሰጂና እቤትሽ ሞክሪያቸው ልጄ። ያልተስማማሽን ትመልሻለሽ» አሉኝ። አስይዢ ያሉት ነገር የለም። ሁለቱን በነጠላዬ አቅፌ በባጃጅ መጣሁ።

ቅዳሜና እሑድ ሰናይት ሥራ ስለሌላት ሁለቱን ቀን ሙሉ ማወዳደር ሆነ ሥራዬ። ደብተሩን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል ትንሹን፣ በአንድ በኩል ትልቁን ጻፍኩ። ሰናይት የይለፍ ቃሉንና ሌላውን ነገር አስተካከለች፣ የቀረውን ለእኔ ተወችው።

መጀመሪያ ሙቀት። የሞቀ ዕቃ አልወድም። በየሰዓቱ የልጅ ግንባር እንደምዳስስ እጄን አሳርፍባቸው ነበር። ትልቁ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቀ። ትንሹ ለብ ብቻ አለ።

ቀጥሎ ርቀት። የሰናይትን ስልክ ይዤ፣ ከኢንተርኔት መዝሙር ከፍቼ ከሳሎን ጀምሮ መራመድ ነው። መዝሙሩ የቆመበትን ቦታ እጽፋለሁ። ትንሹ የሰናይት ክፍል ደህና ይደርሳል፣ ማድ ቤት በር ላይ ይቆማል። ትልቁ ማድ ቤቱንም፣ የበጎቹን ጋጥም አልፎ እስከ ውጭ በር ሄደ። አጥር ለአጥር ስዞር ጎረቤቴ አየችኝ።

«ውባለም፣ ስልክ ታቅፈሽ አጥሩን ትዞሪያለሽ፣ ጸበል ልትረጪ ነው?» አለችኝ።

ራውተር እያማረጥኩ ነው አልኳት። ፈገግ እንኳ አላለችም፣ ያመመኝ መስሏት ነው።

መጨረሻ ላይ ዋናው ነገር፣ ባትሪው። ራውተሩን ከዲቫይደሩ ላይ ነቅዬ ሰዓት ያዝኩ። ሰናይት ኮምፒውተሯን ከፍታ እየሠራ እንደሆነ ታይልኛለች። ትልቁ ሦስት ሰዓት ከምናምን ቆየ። ትንሹ ከአራት ሰዓት በላይ ሄደ። አንዴም አልተቋረጠም። ባትሪው የትልቁ ቢበልጥም አንቴናዎቹ ይበሉታል መሰለኝ። ትንሹን መረጥን። በጎቹ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ሰኞ ትልቁን ለሐጂ መለስኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወር ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ያን ሳምንት ዝናቡ ዝም ብሎ ወረደ እንጂ ሰማዩ አላጉረመረመም። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ጠቆረና መጣ። አላመነታሁም። ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ፍሪጁ ዝም አለ፣ ራውተሩ ግን መብራቱን እንዳበራ ቁጭ አለ። ደስ አለኝ። አራት ሰዓት ይሄዳል፣ ደብተሬ ላይ አለ። አንዲት ትንሽ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ስትቀየር አይቻለሁ። ባትሪ ላይ መሆኑን እየነገረኝ መሰለኝ።

ሰናይት ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ነቅለሻል ወይ አለችኝ። ነቅያለሁ፣ ራውተሩ ግን በርቷል፣ ነይ እይ አልኳት። አየች። በርቷል። ወደ ክፍሏ ሮጠች፣ ተመለሰች፣ አጠፋችው፣ አበራችው። ምንም የለም። ዝናቡ ሲያባራ ዲቫይደሩን ሰካሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔቱ መጣ። እሷም እኔም ዕቃው ተበላሽቷል ብለን ደመደምን። ማታ ሁለተኛው መልእክት ደረሳት። አንድ ብቻ ቀራት ማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት በዝናብ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ያን ቀን ጨዋነቴን እቤት ትቼ ነው የሄድኩት። የልጄ እንጀራ በዚህ ዕቃ ላይ እንደተንጠለጠለ ነገርኳቸው፣ አምኖ ለሚገዛዎት ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሸጣሉ ወይ አልኳቸው። ሐጂ ሰሙኝና ራውተሩን ከሱቃቸው መስመር ጋር አገናኙት። ከዚያ ሶኬቱን ነቀሉ። ስልካቸው ላይ ዜና ከፍተው አሳዩኝ። ይሠራል። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። አሁንም ይሠራል።

«ይኸው ይሠራል ልጄ» አሉኝ። «ምን ላድርገው፣ ልምታው?»

«እዚህ ሲሆን ነው ጨዋ የሚሆነው ሐጂ። እኔ ቤት ሲገባ ይሰንፋል» አልኳቸው።

ሣቅ መጣባቸው፣ ግን ዋጡት። ትልቁን አውጥተው ሰጡኝ፣ ትንሹን ተቀበሉኝ። ወሰድኩት። ያን ዕለት ሰናይት ሥራ ሳትገባ በፊት ደግሜ ሞከርኩት፣ ራውተሩን ከዲቫይደሩ ነቅዬ። ይሠራል። ሐሙስ ጠዋት ሞከርኩት። ይሠራል። ዓርብ ሞከርኩት። ይሠራል። ባለቤቴ ሲያየኝ ሰንብቶ፣ ሦስተኛውን ስታመጪ ቡፌው ላይ ቦታ ስለማይኖር ሳህኖቹን ለሐጂ ብትሰጫቸው ይሻላል አለኝ። እኔ ለቀልድ ጊዜ አልነበረኝም። አራት ማዕዘን የሆነ ፕላስቲክ፣ ሲመረመር ሁሉን የሚያልፍ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚከዳ። ተናድጄበት ነበር። ማታ ማታ ሳየው ቡፌው ላይ ተቀምጦ የሚያሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

የሙከራው ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኤደን የምትባለው የሰናይት አለቃ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከደንበኞች ጋር ስትነጋገር እንደምታዳምጣት ነገረቻት። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ነው። ሰናይት ምሳ አልበላችም። ስምንት ሰዓት ላይ በሯን ዘጋች። እኔ ሳሎን፣ ቡፌው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬንም ይዣለሁ። የሚሆነውን ሁሉ እያየሁ ልጽፍ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ከጉና በኩል ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር። ከዚያ ቀረበ። አማተብኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ። የሰናይት ድምፅ በበሩ ሥር ይሰማኛል፣ ቀስ ብላ፣ በትሕትና ትናገራለች። አሁን ልንቀል ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈለግኩ፣ ግን ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ራውተሩን አየሁት። ጠዋት ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል። ታዲያ ምን እፈራለሁ ብዬ አሰብኩ።

ብልጭ ሲል ነቀልኩ።

ዓይኔን ራውተሩ ላይ ተክዬ ቆጠርኩ። በርቷል። አሥር ሳልሞላ ያቺ መብራት ቀይ ሆነች። በበሩ ሥር የሰናይት ድምፅ ተቋረጠ፤ ከዚያ «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች። እኔ ራውተሩን አየሁ፣ ሽቦውን አየሁ፣ ሽቦው የሚሄድበትን በዓይኔ ተከተልኩ። ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ ነጯ ሣጥን። ሁልጊዜ ሦስት ፍሬ መብራት ነበራት። አሁን ጨልማለች። ከሥሯ ጥቁር ቀጭን ሽቦ ወርዶ፣ ከፍሪጁ ሽቦ ጋር ተጠላልፎ፣ እጄ ላይ ወዳለው ዲቫይደር ይገባል።

ያኔ ገባኝ። እኔ ስሞክር የምነቅለው ራውተሩን ብቻ ነበር። መብረቅ ሲመጣ የምነቅለው ግን ሁሉንም ነው። ራውተሩ በባትሪው ይሠራል፣ ኢንተርኔቱን የምታቀብለው ሣጥን ግን በእኔ እጅ ትሞታለች። ሁለት ራውተር፣ ሦስት ሱቅ፣ አንድ ደብተር፣ ሐጂን መናገሬ፣ ሁሉም ለዚህ ነው።

መልሼ ሰካሁ። ሣጥኗ መብራቷን አንድ በአንድ ማብራት ጀመረች፣ እንዲህ ስትዘገይ አይቻት አላውቅም። በሩ ተከፈተ። ሰናይት እጄን አየች፣ ሶኬቱን አየች።

«እማ፣ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስልኳ ጠራ። ኤደን ናት። ሰናይት ስልኩን አየችው እንጂ አላነሣችውም። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ኤደን የት ሄደሽ ነው ብላ ስትጀምር አቋረጥኳት።

«እናቷ ነኝ ልጄ። መስመሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መብረቅ ፈርቼ ነው። ከዚህ በፊትም ሁለቱን ጊዜ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ጥፋት የለባትም።»

ያኔ ሰማዩ አንዴ ፈነዳ፣ ኤደንም በስልኩ የሰማችው ይመስለኛል።

«አሁንም እየመታ ነው እናቴ?» አለችኝ።

«እየመታ ነው።»

«መልሰው ሰክተውታል?»

«ሰክቼዋለሁ።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «የእኔም እናት ቤት ያለ ዕቃ ሁሉ ይነቀላል፣ አውቀዋለሁ። ደንቡን ግን እኔ አልሠራሁትም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልተቋረጠ የአሁኑን አልመዘግበውም። ከተቋረጠ ግን ምንም ማድረግ አልችልም። ሳይነቅሉ መቀመጥ ይችላሉ?»

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። እችላለሁ ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የነበረው ጊዜ በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ሰናይት ክፍሏ ገባች። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አደረግኩ፣ ራሴን ስለማላምን። ብልጭ ሲል ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲፈነዳ እግሬ ብቻውን ይነሣል። የወደቁት በሬዎች ይታዩኛል፣ የተቃጠለው ሽቦ ይታየኛል። አንድ ጊዜ እጄ ወጥቶ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። በበሩ ሥር ሰናይት «ምን ልርዳዎት» ስትል ሰማሁና መለስኩት። ባለቤቴ ከውጭ ገብቶ እንዲህ ተኮራምቼ ሲያየኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጫማውን አውልቆ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱም መብረቅ አይወድም፣ አምኖ አያውቅም እንጂ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰናይት በሩን ከፈተች። አልተቋረጠም አለች። እጆቼ ደንዝዘው ከጭኔ ሥር ቶሎ አልወጡልኝም።

ሰናይት ሥራውን አገኘች። እስከ ዛሬ እዚያው ክፍል ሆና ትሠራለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስነግራቸው ያን ቀን የዋጧት ሣቃቸው ወጣች፣ ዓይናቸው እስኪያነባ። ከዚያ ለነጯ ሣጥን የምትሆን አንዲት ትንሽ ባትሪ ከመደርደሪያ አወረዱልኝ። ያቺ ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረች። ከእጄ መዳፍ ብዙም አትበልጥም። አሁን ሁለቱም በባትሪ ይሠራሉ፣ ዲቫይደሩንም እንደ ልቤ እነቅላለሁ።

ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል። ሻጮቹ ስለ አንቴና፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ፎቅና ስለ ፊልም ነገሩኝ። ራውተሩ ከምን ጋር እንደተያያዘ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ግን ከሁሉም በላይ የምናደደው በራሴ ነው። ደብተር ሙሉ ጻፍኩ፣ ሙቀቱን ዳሰስኩ፣ እስከ በጎቹ ጋጥ በእግሬ ለካሁ። የራሴን እጅ ግን አልመረመርኩም። ልጄ እንዳይረበሽባት ብዬ ዝም ባልኩ ቁጥር የረበሽኳት እኔ ነበርኩ።

አሁን ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ ባትሪው ቢኖርም ሳልነቅል በፊት ወደ ሰናይት በር እሄዳለሁ። በጥፍሬ ሁለት ጊዜ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው መጠን እነካዋለሁ። እሷም ንግግሯን ሳታቋርጥ ከውስጥ ጠረጴዛውን አንዴ ነካ አድርጋ ትመልስልኛለች። ያን ጊዜ እነቅላለሁ።